«ገንዘባችሁን አልፈልግም፣ ቤቴን ልቀቁልኝ»፦ ቦሌ አራብሳ ላይ የታየ የኪራይ ጉዳይ

አከራይ ኪራይ አልቀበልም ሲል ብዙ ተከራይ መጀመሪያ ግራ ይጋባል፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀለል ይለዋል። የወሩ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ቀርቷላ። አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። ኪራይ አለመክፈል ውል ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል፣ አከራዩም ይህን ያውቃል። ዛሬ «አልቀበልም» ያለ ሰው ከ3 ወር በኋላ ቢሮ ሄዶ «አልከፈሉኝም» ሊል ይችላል። በመሀል ወረቀት ከሌለ ማን እንደዋሸ በምን ይታወቃል?

ይህ ጎረቤቶቼ ላይ የደረሰ ነው። ቦታው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ደብዳቤዎቹን አብሬያቸው ጽፌያለሁ፣ አንድ ቦታም ምስክር ሆኛለሁ። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የእነሱንም የአከራዩንም ስም አልጠራም፣ ብሎኩንም እንዲሁ።

ባልየው ሚኒባስ ይነዳል። ሚስትየው ቤት ውስጥ ትሰፋለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ ሰው ያመጣላትን ሁሉ። አንድ ልጅ አላቸው። ባለአንድ መኝታውን ቤት የተከራዩት በሐምሌ 2016 ዓ.ም ነው፣ በወር 8 ሺህ ብር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ስለነበር ደላላውም አከራዩም ውሉን ወረዳ ወስደው አስመዘገቡ። እዚህ ጋ አከራዩን አመሰግናለሁ፣ ያኔ ብዙ ሰው ይሸሽ ነበር። ውሉ የ2 ዓመት ነው፤ አዋጁም ከዚያ ያነሰ ውል አይፈቅድም። ቅድሚያ 2 ወር ከፈሉ። አዋጁ የሚፈቅደው ጣሪያም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። ውሉ ላይ የሂሳብ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ባዶ ቀረ። አከራዩ «ልጄ፣ ባንክ ምን ያደርጋል፣ እኔ ራሴ እየመጣሁ እወስዳለሁ» አሏት። ለምን እንዳሉ መገመት አይከብድም፤ በባንክ የገባ ኪራይ ለኪራይ ገቢ ግብር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሷም ደፍራ አልተከራከረቻቸውም። ብልህ ናትና ግን አንድ ደብተር አዘጋጀች። የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ኪራይ ሲወስዱ ሦስቱንም ጊዜ ቀኑን፣ ወሩንና ብሩን ጻፈችና አስፈረመቻቸው። ይህ ደብተር በኋላ ምን እንደሠራ ታያላችሁ።

ኅዳር ላይ አከራዩ ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። ደላላ «ይሄ ቤት አሁን 13 ሺህ ይከራያል» ብሏቸዋል። ውሸት አልነበረም። ሐምሌ 2016 መጨረሻ አካባቢ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዘይቱም ሲሚንቶውም ምኑም ሽቅብ ሄዷል። አከራዩ ጡረተኛ ናቸው፣ የኮንዶሚኒየሙን ብድር ለንግድ ባንክ በየወሩ ይከፍላሉ። ችግራቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን አዋጁ የኪራይ ጭማሪን በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ከተፈረመ ገና 4 ወር የሆነውን ውል በደላላ ወሬ መቀየር አይቻልም።

ባልየው ይህንኑ በትህትና ነገራቸው። «ጋሼ፣ ውላችን የሁለት ዓመት ነው እኮ።» እሳቸውም ብዙ አልተናገሩም። «እሺ፣ እናያለን» ብለው ሄዱ።

ታኅሣሥ ገባ፣ ኪራይ ሊወስዱ አልመጡም። 5ኛው ቀን የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነው። ሚስትየው ደወለች። መልሱ በርዕሱ ላይ ያለው ነው። «ገንዘባችሁን አልፈልግም፣ ቤቴን ልቀቁልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ባልየው ማታ እኔ ጋ ወጣ። የሚኒባሱ ጎማ አልቆ ነበርና «ካልፈለጉት እንግዲህ ጎማ ልግዛበት፣ ሲጠይቁን እንሰጣለን» አለኝ። በፍጹም አልኩት። ይህን ለማንኛውም ተከራይ እላለሁ፦ ያልተቀበሉህ ኪራይ ያንተ ገንዘብ አይደለም። ዕዳው አልተሰረዘም። አከራዩ ድንገት በ3ኛው ወር «አሁን አምጡ» ቢሉና ገንዘቡ ባይኖር፣ ያን ጊዜ በእርግጥም ያልከፈለው ተከራዩ ይሆናል። ሚስትየው በማግስቱ በስሟ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ ከፈተችና 8 ሺውን እዚያ አስገባች። ከዚያ በኋላም የየወሩን ኪራይ ልክ እንደተከፈለ ቆጥራ እዚያው ታስቀምጥ ጀመር።

ቀጥሎ የተደረገው ገንዘቡን በትክክል ማቅረብ ነው። «በትክክል» ስል በውሉ በተባለው ቀን ወይም ለዚያ በቀረበ ቀን፣ ሙሉውን፣ ሳይቀንሱ ማለቴ ነው። ቧንቧ አስጠግኛለሁ ብሎ 500 ብር ቀንሶ ያቀረበ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ገንዘብ ተቀባይ ጎደሎ ክፍያ አልቀበልም የማለት መብት አለውና እምቢታው ሕጋዊ ምክንያት ያገኛል። የጥገናው ሂሳብ ለብቻው ይጠየቅ። እነሱ 8 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ይዘው፣ የእድራችንን ዳኛና እኔን አስከትለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት አከራዩ ቤት ሄዱ። በደንብ ተቀበሉን። ቡናም ተፈላ። ወሬው ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሆኖ ቆየና ሚስትየው ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «ጋሼ፣ የታኅሣሥ ኪራይ ነው» አለች። በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «አልኳችሁ እኮ፣ አልቀበልም። 13 ሺህ ከሆነ እንነጋገር።» የእድሩ ዳኛ ሊያግባቡ ሞከሩ፣ አልሆነም።

ሽምግልናው በዚያ ቀን አልተሳካም። ቢሆንም ሁለት ሰው ገንዘቡ ቀርቦ እንዳልተወሰደ በዓይኑ አይቷል። ሽማግሌ ይዞ መሄድ እንደ ባህላችን ተገቢ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ሽማግሌዎቹ በኋላ የምስክርነት ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ እንዲሆኑ ግን አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ የቤት ባለቤት የሆነ ጎረቤት ሌላ ባለቤት ላይ መመስከር ይከብደዋል። እኛም መጀመሪያ የጠየቅነው ሰው በዚህ ምክንያት አልመጣም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስትየው አከራዩ ስልክ ላይ መልእክት ጻፈች። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ከሽማግሌዎች ጋር ቤትዎ መጥተን የታኅሣሥ 2017 ኪራይ 8 ሺህ ብር አቅርበን አልተቀበሉንም። ገንዘቡ ዝግጁ ነው። የሚገባበትን የባንክ ሂሳብ ቢልኩልን ዛሬውኑ እናስገባለን።» መልስ አልመጣም። በነጋታው 8 ሺህ ብሩን በቴሌብር ወደ ስልክ ቁጥራቸው ላከች። በቴሌብር የተላከን ገንዘብ ተቀባዩ እጁን ሰብስቦ አልቀበልም ሊለው አይችልም፣ በቀጥታ ሂሳቡ ላይ ይገባል። እሳቸው ግን ማታውኑ መልሰው ላኩት።

ባልየው ተናደደ። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነም ነገርኩት። ከዚህ በፊት የነበረው ማስረጃ የሰው ቃል ነበር። አሁን ግን ከእሷ ስም ወደ እሳቸው ስም 8 ሺህ ብር እንደሄደ፣ በዚያው ቀን ከእሳቸው ስም ወደ እሷ 8 ሺህ ብር እንደተመለሰ የሚያሳይ፣ ቀን፣ ሰዓትና የግብይት ቁጥር ያለው መልእክት በእጇ አለ። የጥርንም ቀኑን ጠብቃ ላከች፣ የጥርንም መለሱ። አትጨቃጨቁ፣ ደጋግማችሁም አትላኩ። ለአንድ ወር አንዴ፣ በጊዜው፣ ሙሉውን መላክ ይበቃል። መልእክቱን ግን አታጥፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ስለዚህ ታትሞ ይቀመጥ።

ጥር አጋማሽ ላይ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አከራዩ ባልየው በሌለበት መጥተው የመብራት ካርዱን «ላሳድሰው» ብለው ወሰዱ። ካርድ ቆጣሪ የሚጠቀም ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያለ ካርዱ መሙላት የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱ ጨለመ። የእሷ የስፌት ማሽን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የተቀበለችው ዩኒፎርም እጇ ላይ ነው፣ ማሽኗን ተሸክማ የሌላ ጎረቤት ሳሎን ገባች። ያን ሰሞን ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ለኪራዩ ያላለቀሰች ሴት ለማሽኗ አለቀሰች። ደንበኛ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ይህ ድርጊት በየሰፈሩ የተለመደ ነው። መብራት መቁረጥ፣ ውኃ መዝጋት፣ የግቢ በር ቁልፍ መቀየር። አከራይ ቤቱን ካከራየ ተከራዩ በሰላም እንዲጠቀምበት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ተከራይን በጉልበት ማስወጣት መብቱ አይደለም። ተከራዩም በበኩሉ ቁልፍ ሰብሮ ወይም ቆጣሪ ነካክቶ አጸፋ መመለስ የለበትም። ባልየው ሊያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው። አንድ ስድብ ወይም አንድ ግፊያ ቢፈጠር የኪራዩ ጉዳይ ተረስቶ ፖሊስ ጣቢያ የድብድብ መዝገብ ይከፈት ነበር።

በዚያው ሳምንት ይህን ደብዳቤ ጻፍን። ሙሉውን የማስቀምጠው ሰው እንዲጠቀምበት ነው።

«ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ክፍያ እንዲቀበሉ ስለማሳወቅ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ተፈራርመን በወረዳው ባስመዘገብነው የ2 ዓመት ውል መሠረት የታኅሣሥና የጥር 2017 ዓ.ም ኪራይ በድምሩ 16 ሺህ ብር በቴሌብር ልከንልዎት መልሰዋል፤ የታኅሣሡንም በአካል ምስክሮች ባሉበት አቅርበን አልተቀበሉንም። ገንዘቡ ዝግጁ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ10 ቀን ውስጥ የባንክ ሂሳብ ቁጥርዎን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን፣ የወሰዱትንም የመብራት ካርድ እንዲመልሱልን እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ለማስቀመጥ እንገደዳለን። ውሉን የማቋረጥ ሐሳብ የለንም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል ትመስላለች። ተከራዩ ሊለቅ ነው የሚል ክርክር እንዳይነሳ ታግዳለች። ደብዳቤው በፖስታ ቤት በአደራ ተላከ። የአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ አለው፣ ደረሰኙ ከኮፒው ጋር ተያይዞ ተቀመጠ።

10 ቀኑ አለፈ። መልስ የለም። ፋይሉን ይዘው ውሉ ወደተመዘገበበት ወረዳ፣ ወደ ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ውል፣ የደብተሩ ኮፒ፣ የቴሌብር መልእክቶቹ ህትመት፣ ደብዳቤና የፖስታ ደረሰኝ ነበር። ያየችው ባለሙያ ጥሩ ሰው ነበረች፤ አቤቱታውን በጽሑፍ ተቀበለች፣ ለአከራዩም ጥሪ ላከች። ለመጀመሪያው ጥሪ አልመጡም። ለሁለተኛው መጡ።

እዚያ የሆነውን ሚስትየው እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። አከራዩ መጀመሪያ ያነሱት ልጃቸው ሊያገባ መሆኑንና ቤቱ እንደሚፈለግ ነው። ባለሙያዋ ውሉን አሳየቻቸው፤ 2 ዓመት ይላል፣ ፊርማቸውም አለበት። ቀጥለው «ታዲያ ኪራይም እኮ አልከፈሉኝም! ከገቡ ጀምሮ በሥርዓት ከፍለው አያውቁም» አሉ። ይኸው መጣ። ሁለት ወር ሙሉ ስፈራው የነበረው ቃል ይህ ነው። ሚስትየው ምንም ሳትናገር ደብተሩን ገለጠች። የመስከረም ፊርማ፣ የጥቅምት ፊርማ፣ የኅዳር ፊርማ። ከዚያ የቴሌብሩን ህትመት አቀረበች። ባለሙያዋ ጮክ ብላ አነበበችው፤ የተላከ 8 ሺህ፣ የተመለሰ 8 ሺህ፣ ስም፣ ቀን። ክፍሉ ጸጥ አለ አለችኝ። አከራዩም «እኔ ቤቴን ነው የምፈልገው» ከማለት ውጭ የሚሉት አጡ። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

ካርዱን በዚያው ሳምንት መለሱ። ኪራዩን ግን አሁንም አልቀበልም አሉ። እንዲያውም በሰው በኩል አንድ ነገር አስላኩ። ውሉ ላይ 8 ሺህ እንዳለ ይቆይና ልዩነቱን 5 ሺህ ብር በእጅ ይስጡኝ፣ ማንም አያውቅም። ብዙ ተከራይ እዚህ ጋ ይሸነፋል፣ አልፈርድበትም፣ ቤት ፍለጋ መውጣት ያስፈራል። ግን አንዴ በእጅ የሰጠ ሰው ከወሩ በኋላ 7 ሺህ ቢባል የት ሄዶ ይከሳል? ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ነው። እነሱ እምቢ አሉ።

የቀረው ፍርድ ቤት ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገንዘብ ተቀባይ ያለ በቂ ምክንያት አልቀበልም ካለ ባለዕዳው ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል አስቀምጦ ከዕዳው የሚወጣበት መንገድ አለ። ተራው ሰው ይህን አያውቅም። ፍርድ ቤት ስንባል ተከሰን ብቻ የምንሄድበት ይመስለናል። ሚስትየው ነጻ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጥ ቦታ አንዲት ጠበቃ አገኘች። አቅም የሌላቸው ሴቶችን የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያግዛል፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ስለዚህ «ጠበቃ በምን አቅሜ» ብሎ መቅረት አያስፈልግም። ጠበቃዋ አቤቱታውን ጻፈች፣ የተያያዘውም ያው ፋይል ነው፣ የወረዳው ቃለ ጉባኤ ብቻ ተጨመረበት። ፍርድ ቤቱ የታኅሣሥ፣ የጥርና የየካቲት ኪራይ፣ 24 ሺህ ብር፣ ገቢ እንዲሆን አዘዘ። በሞዴል 85 ደረሰኝ ገቢ ሆነ። ገንዘቡ በዚያ ሂሳብ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ አልተቸገሩም። ጎማው ተገዝቶበት ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

መጥሪያው ሲደርሳቸው አከራዩም ጠበቃ አማከሩ። ጠበቃቸው ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ ከዚያ በኋላ ግን ሽማግሌ የላኩት እሳቸው ናቸው። ያው የእድራችን ዳኛ መሀል ገቡ። ሁለተኛው ሽምግልና ከመጀመሪያው ይልቅ አጭር ነበር፣ የሚከራከሩበት ነገር አልቀረማ። አከራዩ የባንክ ሂሳብ ቁጥራቸውን በጽሑፍ ሰጡ። ኪራዩ በ8 ሺህ ይቀጥላል፣ ጭማሪ ቢኖር ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ ብቻ። እነሱም ውሉ ሲያልቅ አከራዩ ቤቱን ለልጃቸው ከፈለጉት እንዳያስቸግሩ ቃል ገቡ። ስምምነቱ ለፍርድ ቤቱ ቀረበ፣ 24 ሺህ ብሩም ለአከራዩ ተለቀቀ። በእኔ እይታ እሳቸውም ተጠቅመዋል፤ 3 ወር ያለ ኪራይ ብድር ሲከፍሉ የነበሩት ደላላ አምነው ነው።

ስለ ሌላ ዓይነት ተከራይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎች ይጠይቁኛልና። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ የቀለለው ውሉ የተመዘገበ ስለነበር ነው። ከከተማው ጠርዝ ላይ ያለን አብዛኞቻችን ግን በግለሰብ ግቢ ሰርቪስ ቤት፣ በቃል ስምምነት ነው የምንኖረው። እንዲህ ያለ ተከራይ ዛሬውኑ ኪራዩን በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈል ይጀምር፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም «የመጋቢት ወር የቤት ኪራይ» ብሎ ይጻፍ። በየወሩ የገባ እኩል ገንዘብ ተከራይ መሆኑን ለማስረዳት ይረዳዋል። አከራዩ ውል በጽሑፍ እንዲያደርግና እንዲያስመዘግብም ይጠይቅ፤ አዋጁ ውል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያስገድዳል።

ሌላው የድንበሩ ነገር ነው። ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ስትሻገሩ አስተዳደሩ ይለያያል፤ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ጎረቤትህ የሄደበት ቢሮ የአንተን ቤት ላያየው ይችላል። አቤቱታ ከመጻፍህ በፊት አከራይህ ግብርና የቤት ካርታውን ጉዳይ የሚጨርሰው በየትኛው ከተማ እንደሆነ አጣራ፣ ሰልፍ ይዘህ ከዋልክ በኋላ «የኛ አይደለም» ከመባል ያድንሃል።

ሚስትየው አሁን ኪራዩን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በባንክ ታስገባለች። ደረሰኙን ያው ደብተር ላይ ትለጥፋለች። አከራዩ ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፣ ቤት ግን አይገቡም። ውሉ የሚያበቃው ሐምሌ 2018 ላይ ነው።